ዘንዘልማ ወይስ መሸንቲ

ሰው ቤት የሚሠራበትን ሰፈር ሲመርጥ ውሃውን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ ከሥራው ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃል። ክንዱም መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ያንኑ ጠይቆ ነበር። በኋላ ግን ሐሳቡ አንድ ጃኬት ላይ ተተከለና ውሃውም መብራቱም ተረሳ። ጃኬቱ የእሱ አይደለም፤ ሚስቱ በየጠዋቱ በምትሳፈርበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ ተዘርግቶ የሚጠብቃት የሌላ ሰው ጃኬት ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ክንዱ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መምህር ነው። ፋሲሎ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ ከሚስቱ ከፀሐይወርቅና ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከርሆቦት ጋር ይኖራል። ከቤቱ እስከ ኮሌጁ በእግር ዘጠኝ ደቂቃ ስለሆነ ስለ መንገድ ተጨንቆ አያውቅም። ፀሐይወርቅ ግን የምትሠራው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ዘንዘልማ መግቢያ ላይ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ቆማ የተሰፋ ልብስ ትመረምራለች። ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የመደበውን አውቶቡስ ሁሉም ሰርቪስ ይለዋል። ሰርቪሱ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በመራዊ መንገድ ካለችው ከመሸንቲ ይነሣል፣ ከተማውን ሰንጥቆ ፋሲሎ ላይ ፀሐይወርቅን ይጭናል፣ ድልድዩን ተሻግሮ ፋብሪካው ደጅ ይደርሳል።

የኮሌጁ መምህራን የቤት ማኅበር ከአምስት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ ቦታ ተፈቀደለት። ቦታው ግን ለሁለት የተከፈለ ሆነ፤ ግማሹ ዘንዘልማ፣ ግማሹ መሸንቲ። እያንዳንዱ አባል አንዱን መርጦ፣ ባልና ሚስት ፈርመው፣ ቅጹን እስከ ዓርብ ለማኅበሩ ጸሐፊ ማስረከብ አለበት። ከዚያ ወዲያ መቀየር ብሎ ነገር የለም። አንዴ የጻፉት ሰፈር የዕድሜ ልክ ሰፈር ነው።

ክንዱ ይህን ለመምረጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዘንዘልማ ከገቡ ፀሐይወርቅ በእግሯ አምስት ደቂቃ ሄዳ ፋብሪካዋ ትገባለች፤ እሱ በሚኒባስ ሃያ ደቂቃ ተጉዞ ኮሌጁ ይደርሳል። መሸንቲ ከገቡ እሱ ግማሽ ሰዓት፣ እሷ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም ያልቀረው ጉዞ ይጠብቃቸዋል፤ ያውም ደርሶ መልስ። ርሆቦትም ብትሆን ይህን ሒሳብ ትሠራዋለች።

ሐሙስ ማታ ራት ከተነሣ በኋላ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«እንግዲህ ዘንዘልማ ብዬ ልጻፍ» አለ፤ ጥያቄ አልነበረም።

«መሸንቲ ይሻላል» አለች ፀሐይወርቅ።

መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ምን ነካሽ? ፋብሪካሽ ደጅ ላይ ቤት እየሰጡሽ መሸንቲ ምን ልሁን ብለሽ ትሄጃለሽ? ስሚ፣ እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ነው፤ ሽቦ በረዘመ ቁጥር ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ሰውም እንደዚያው ነው። ሥራ ሳትጀምሪ ደክመሽ ትደርሻለሽ።»

«እኔ ሽቦ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምክንያትሽን ንገሪኝ ነው የምልሽ!»

«ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ መንከሪያ ነው» አለችው ጠረጴዛውን እየወለወለች። «ሁሉ ነገር ደጅህ ላይ ሲሆን ደስ ይላል እንዴ?»

ይህ መልስ ነው? ለሌላ ሰው ምናልባት መልስ ይሆን ነበር። ለክንዱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሆዱ ውስጥ ሲብላላ የከረመውን ነገር ገልብጦ አወጣበት።

በጥር ወር አንድ ጠዋት ፀሐይወርቅ የፋብሪካ መታወቂያዋን ረስታ ወጣችና ይዞላት ሮጦ ነበር። ፌርማታው ሲደርስ እሷ ወደ ሰርቪሱ እየገባች ነው። እግሯ ደረጃውን ከመርገጡ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሷ ታየ። ክንዱ ይህን ሳቅ ያውቀዋል፤ ከትዳራቸው በፊት የሚያውቀው ሳቅ ነው። በመስኮቱ አሻግሮ ሲያይ አንድ ወጣት ሰውዬ ከመስኮት ዳር ወንበር ላይ ጃኬቱን አነሣላት፤ እሷም እንደ ራሷ ቤት ገብታ ተቀመጠች። መታወቂያውን በረዳቱ በኩል ሰዶላት ተመለሰ። መቼም ሰርቪስ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃል፤ የሰርቪስ ወንበር እንደ ርስት ነው። ቁጥር አይለጠፍበትም፣ ውል አይጻፍለትም፣ ግን የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይነካውም። ከሠላሳ ምናምን ሰው መካከል የክንዱን ሚስት ርስት የሚጠብቀው ለምን ያ ሰውዬ ሆነ? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለ ክንዱ በልቡ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ የጠገበ እንቅልፍ አልተኛም።

ቤት ስትገባ ደግሞ ቃሏ በቁጥር ነው። ደህና ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ልጅቷ በላች ወይ፣ በቃ። እንዲህ ያለችው ሴት አውቶቡስ ስታይ ለምን ትፈካለች? ለምን ከቤቷ ደጅ ያለውን ፋብሪካ ንቃ ከአውቶቡሱ መነሻ ልኑር ትላለች? ክንዱ ይህን ሁሉ ጠይቋል፤ ራሱን ነው እንጂ እሷን አይደለም። እሷን እንዴት ዋልሽ ብሎ ከጠየቃት እንኳ ስንት ጊዜው!

«ማን አለ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ?» አላት።

ፀሐይወርቅ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ አልተቆጣችም። ትምላለች ብሎ ጠበቀ፤ አልማለችም። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና፣ የሰፈሩ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶውን እንዳለ፣ ከታች የሚስት ፊርማ የሚለው ላይ ፈረመች።

«የፈለግኸውን ጻፍበት» አለችው። «እኔ ፈርሜያለሁ።» ሄዳም ከልጇ ጎን ተኛች።

ብልህ ባል ቢሆን ይህን ፊርማ አይቶ ይደነግጥ ነበር። ክንዱ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ይዞ አደረ። ዓርብ ገና ሳይነጋ «ፈተና አዘጋጃለሁ» ብሏት ወጣ፤ ቅጹን በደረት ኪሱ፣ ንዴቱን በሆዱ ይዞ በመጀመሪያው ሚኒባስ መሸንቲ ወረደ። ለራሱ የሰጠው ምክንያት ርቀቱን ልለካ የሚል ነበር። ቤት የሚመርጥ ሰው መንገዱን ቢለካ ማን ይታዘበዋል?

ሰርቪሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሾፌሩ አቶ ገብረ መስቀል ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ እዚህ ቦታ ልወስድ እያሰብሁ ነው» አላቸው ክንዱ። «እስከ ከተማ ምን ያህል እንደሚፈጅ ልይና፣ እስከ ድልድዩ ቢወስዱኝ?»

«የሠራተኛ ብቻ ነበር» አሉ አቶ ገብረ መስቀል። «ግን ቤት የሚሠራ ሰው አይከለከልም። ግባ።»

ገባ። ከሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮት ዳር፣ ያ ጃኬት ተዘርግቷል። ጎኑ ያ ሰውዬ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ፂሙን አሳምሮ፣ ጭራሽ ሽቶ ተቀብቷል። ክንዱ ሆን ብሎ ተንጠራርቶ ጃኬቱን ሊያነሣ ሲል ሰውዬው ፈገግ ብሎ እጁን ጣለበት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እሱ ወንበር ባለቤት አለው።»

«ማነው ባለቤቱ?»

«ፀሐይ ናት። ፋሲሎ ላይ ነው የምትገባው።»

ፀሐይ! ክንዱ ራሱ ይህችን አጠራር ከተዋት ቆይቷል። ጥርሱን ነክሶ ከመተላለፊያው ማዶ ካለው ወንበር ተቀመጠ። ሰውዬው ወዲያው ራሱን አስተዋወቀ፤ ቴዎ ይባላል፣ የፋብሪካው የማሽን ጠጋኝ ነው። ከኋላው ሒጃቧን የምታስተካክለው ሴት ደግሞ ዘይነት ትባላለች፤ የወረታ ልጅ፣ የስፌት መስመር ኃላፊ ናት። ክንዱን የቤት ቦታ የሚፈልግ እንግዳ አድርገው በደንብ ተቀበሉት። መሸንቲ ውሃዋ ጥሩ ነው፣ ጭቃው ግን በክረምት ጉልበት ይደርሳል አሉት። ክንዱ ግን የመጣበት ጭቃ ሌላ ነው።

«ይህን ሁሉ መንገድ ደርሶ መልስ፣ አይሰለቻችሁም?» አለ።

«እስከ ፋሲሎ ይሰለቻል» አለ ቴዎ። «ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን አቦ እንዴት እንደምንደርስ አናውቀውም።»

ክንዱ ወደ እሱ ዞረ። «ለምን? ምን ታደርጋለች?»

«ስለ ባሏ ታወራልናለች» አለች ዘይነት ከኋላ።

ይህን አልጠበቀም። እንግዲያ ታማዋለች ማለት ነው። የቤቱን ገመና በየጠዋቱ ለዚህ ሁሉ ሰው ትዘረግፋለች ማለት ነው። አሁን ግን ሳይሰማ መውረድ የማይሆን ነገር ነው።

«ምን እያለች ታማዋለች?»

«ኧረ አፈር ልብላ! ማን ሊያማው?» አለች ዘይነት። «ወላሂ እንደሱ ያለ ባል በዚህ ዘመን አልሰማሁም። ማታ ደክሟት ስትገባ እንዴት ዋልሽ ብሎ ይጠይቃታል። ጠይቆ ዝም አይልም፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ነው የሚሰማት። ኳስ እያየም ቢሆን ያጠፋዋል! የእኔው አብዱልበሲጥ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ኳሱን አያጠፋም። ብነግረው ‹እሱ ሰውዬ የማን ደጋፊ ነው?› አለኝ።»

በዙሪያው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ክንዱም አፉን ከፈት አደረገ፤ ሳቅ ግን አልወጣውም። ኳስ ሲያይ ቴሌቪዥን ያጠፋበት ቀን አያስታውስም። አንድ ሐሳብ ብቻ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞራል፤ ይህ ሰው እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው አለ።

«ስሙ... ስሙ ማነው ባሏ?»

«ክንዱ» አለ ቴዎ።

ሌላ ስም ቢጠራ ኖሮ ምን ያደርግ እንደነበር ክንዱ ያውቀዋል፤ ፋሲሎ ላይ ወርዶ ጉድ ያፈላ ነበር። የራሱን ስም ሲሰማ ግን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም።

«ቆማ ስለምትውል እግሯ ያብጣል» ብላ ቀጠለች ዘይነት። «ጨው ያለበት ውሃ አሙቆ እሱ ራሱ ነው የሚያጥብላት። መምህር እኮ ነው! ደግሞ ባለፈው እሑድ በጀልባ ዘጌ ወሰዳት። ሲመለሱ ሐይቁ መካከል ዝናብ ያዛቸው። ሸሚዙን አውልቆ አለበሳትና እሱ ራቁቱን እየተንቀጠቀጠ ባሕር ዳር ገባ። ባለ ጀልባው ‹ጌታው፣ ለፍቅር ብለው የሳምባ ምች ሊይዝዎት ነው› አለው አሉ።»

ክንዱ ባለ ጀልባውን ያስታውሰዋል። ንግግሩ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ሸሚዙም፣ ዝናቡም፣ መንቀጥቀጡም። እሑድ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ግን ያለፈው እሑድ አልነበረም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሳይጋቡ፣ እሱ አዲስ መምህር እሷ ከቆላ ድባ የመጣች ተማሪ ሳሉ ነው። ያለፈው እሑድማ ርሆቦትን ይዛ ወደ ሐይቁ ዳር እንውጣ ስትለው ፀሐዩ ያቃጥላል ብሎ ተኝቶ ዋለ።

«እኔም ከእሱ ነው የተማርሁት» አለ ቴዎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሔራን የምትባል ልጅ ሁለት ዓመት እንቢ ስትለኝ ነበር። ፀሐይ የነገረችንን እያደረግሁ፣ ክንዱ ያለውን እያልሁ ነው እሺ ያሰኘኋት። በሚያዝያ ሠርጋችን ነው። ይህ ወንበር ለምን ይጠበቅላታል መሰለዎት? ሰውዬውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳየችንም፤ ትደብቀዋለች። ባየው እግሩን እስም ነበር።»

አሁን የክንዱን ሆድ ያየ ሰው ቢኖር ምን ይል ነበር? ጠርጥሮት የመጣው ሰውዬ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ እፎይ ሊል ይገባው ነበር። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ቀንቶ የማያውቀውን ቅናት አሁን ቀና። ቴዎ ቢሆን ኮሌታውን ይይዘው ነበር፤ ሽቶውን፣ ፂሙን፣ ጃኬቱን ይጠላው ነበር። ይህን ቴሌቪዥን የሚያጠፋ፣ እግር የሚያጥብ፣ በዝናብ የሚንቀጠቀጥ ሰውዬ ምን ያደርገዋል? ሚስቱን በየጠዋቱ ይቀማዋል፣ ያስቃታል፣ ያፈካታል፤ ከዚያ ማታ የደከመ ገላዋን ብቻ ለክንዱ ይመልስለታል። ያውም በራሱ ስም!

ሰርቪሱ ፋሲሎ ላይ ቆመ። ፀሐይወርቅ እየሳቀች አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አደረገች። ክንዱን ስታይ ሁለተኛው እግሯ መሬት ላይ ቀረ።

«ግቢ እንጂ ፀሐይ!» አለ ቴዎ ጃኬቱን እያነሣ። «እኚህ ሰውዬ መሸንቲ ቤት ሊሠሩ ነው። ስለ ክንዱ ስንነግራቸው ነበር።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። ክንዱ ይህችን ሴት ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያውቃት እንዲህ ፈርታው አታውቅም። አንድ ቃል ቢናገር በዚህ አውቶቡስ ውስጥ ዳግም ቀና ብላ እንደማትሄድ ሁለቱም ያውቁታል።

«ውይ፣ ስምዎን እንኳ ሳንጠይቅዎት!» አለች ዘይነት።

ክንዱ አፉን ከፈተ። ክንዱ እባላለሁ ሊል ነበር፤ እናቱ ያወጣችለት ስም ነው፣ ማን ይከለክለዋል? ግን ይህ ሁሉ ዓይን እየተመለከተው ያንን ስም ወስዶ ራሱ ላይ መለጠፍ የሌላ ሰው ካባ ደርቦ እንደመታየት ሆነበት። አፈረ። እንዲያ ያለ ሐፍረት ከልጅነቱ ወዲህ አልተሰማውም።

«ምናሴ» አለ። «ምናሴ እባላለሁ።»

ፀሐይወርቅ ዓይኗን ከቦርሳዋ አንሥታ አየችው።

«በይ የትናንቱን ንገሪን» አለች ዘይነት፤ ለእሷ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። «ትናንት ምን አደረገ?»

አቶ ገብረ መስቀል እንኳ በመስታወት አዩ። ከዚያ ፀሐይወርቅ ተናገረች፤ ለዘይነት እየነገረች ክንዱን ታያለች።

«ትናንት የቤት ቅጽ ይዞ መጣ። ዘንዘልማ ነው ወይስ መሸንቲ አለኝ። መሸንቲ አልሁት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ተናግሬ እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ዘንዘልማ ከገባሁ ፋብሪካው ደጄ ነው አልሁት። ከቤት ወደ ሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከሥራ ወደ ቤት አምስት ደቂቃ። ስለ አንተ የማወራበት ጊዜ የለኝም አልሁት። ስለ እሱ ካላወራሁ ደግሞ ይጠፋብኛል።»

ዘይነት ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ቤት ውስጥ ቁጭ ያለ ባል የት ይጠፋብሻል?»

«ቤት ቁጭ ብሎም የሚጠፋ አለ» አለች ፀሐይወርቅ።

ሰርቪሱ ድልድዩ አጠገብ ሲደርስ ክንዱ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። አቶ ገብረ መስቀል «በል መልካም ቤት ያድርግልህ» አሉት፤ ቴዎ በመስኮት እጁን አወዛወዘለት። ዓባይ ከሐይቁ ተለይቶ ሲወጣ እያየ ብዙ ቆመ። ተቆጥቷል። ዋሽታለች እያለ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ፤ ውሸቱን ፍለጋ ሲገባ ግን የሚያገኘው የራሱን ሸሚዝ ነው። ያንን ሰው ከባዶ አልፈጠረችውም። እሱ ከጣለው ሰብስባ ነው የሠራችው። ይህ ደግሞ የባሰ አንገበገበው፤ ሰውዬው ጭራሽ የማያውቀው ሰው ቢሆን ይሻል ነበር።

ኮሌጁ ሲደርስ የማኅበሩ ጸሐፊ ፍሬ ስብሐት ቅጾቹን እየደረደረ ነበር። ሁለቱ የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው።

«አንተ ዘንዘልማ ነህ መቼም» አለው። «ሚስትህን ፋብሪካዋ ደጅ ማስቀመጥ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው።»

ክንዱ ቅጹን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። የፀሐይወርቅ ፊርማ ከታች ቁጭ ብሏል። ባዶው መስመር ላይ እስክሪብቶውን አሳርፎ ቆየ። ዘንዘልማ ብሎ ቢጽፍ ያ ሰውዬ በአንድ ቃል ይሞታል። አውቶቡስ የለም፣ ወንበር የለም፣ ሳቅ የለም፤ ሚስቱ ለክንዱ ብቻ ትቀራለች። ለየትኛው ክንዱ? ማታ ማታ ኳስ ለሚያየው።

መሸንቲ ብሎ ጻፈ።

«አብደሃል?» አለ ፍሬ ስብሐት። «ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይመላለሰዋል?»

«እሷ ታውቅበታለች» ብሎት ወጣ። ጽፎትም ቅናቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ጠላቱን በገዛ እጁ ቦታ የመራው መሰለው።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ እግሩ ወደ ቤት አልሄደለትም። ፌርማታው ላይ ወጥቶ ቆመ። ለምን እንደቆመ ቢጠይቁት አይናገረውም፤ ሚስት ያለው ሁሉ በሚስቱ ፌርማታ መቆም ይችላል ይል ይሆናል እንጂ። ሰርቪሱ መጣና ቆመ። ፀሐይወርቅ ወረደች። አየችውና ባለችበት ቀረች፤ እሱ ሁለት እርምጃ ቀርቦ እጁን ለቦርሳዋ ዘረጋ።

«ስጪኝ፣ ከባድ ነው» አላት።

በላያቸው መስኮቱ እየተንጓጓ ተከፈተ። ቴዎ ግማሽ ገላውን አውጥቷል፤ የጠዋቱ ፈገግታ ፊቱ ላይ የለም። ከኋላው ዘይነት አንቃ በምትገድል ዓይን ታያለች።

«አቶ ምናሴ!» አለ ቴዎ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኾ። «ሴትዮዋ ባል አላት እኮ! እንዴት ያለ ባል እንዳላት ጠዋት ነግረንዎት የለም? አያፍሩም?»

ክንዱ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ፀሐይወርቅ ልታስረዳ አፏን አልከፈተችም። በዝግታ «መልስለት እንጂ» አለችው።

ክንዱ ወደ መስኮቱ ቀና አለ።

«አውቃለሁ!» አለ። «ባሏን አውቀዋለሁ!»

ሰርቪሱ ተንቀሳቀሰ፤ ቴዎ አሁንም አንገቱን አውጥቶ በጥርጣሬ እያየው ራቀ። ሁለቱ አቧራው ውስጥ ቆሙ።

«ከየት ታውቀዋለህ?» አለችው ፀሐይወርቅ።

«ዛሬ ጠዋት ነው የተዋወቅነው» አለ ክንዱ። «ቅጹ ላይ መሸንቲ ብዬልሻለሁ። ሰውየውን ግን አልወደድሁትም።»

ፀሐይወርቅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። አልሰጠችውም።

«እኔ ግን እወደዋለሁ» አለችውና ወደ ቤት ቀድማው መንገድ ጀመረች።